አልጋ ወራሽነት አልጋ ባልጋ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ዙፋን ውርስ ነው። እኔም ከእህቴ ልጅ ደረሰኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ታሪክ ነፍሷ ነው። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላ ላከችልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው። ጅማንም እንደሚወዱ ያስታውቃል። የጻፉት ግን በብዙ ቦታ ልክ አይደለም። ልጆች እያነበቡት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ከሚለው ተረት ይነሳና፣ ዙፋን በዘር በሚወረስበት አገር ሁሉ ተረኛው ምንጊዜም የንጉሡ በኩር ወንድ ልጅ ነው ይላል። ለማስረጃም የጅማን ነገሥታት ይጠራል፤ ከቀዳማዊ አባ ጅፋር እስከ ዳግማዊ አባ ጅፋር ዙፋኑ ከአባት ወደ ልጅ ቀጥ ብሎ ወርዷል ይላል። ሴቶች በዚህ ነገር ቦታ አልነበራቸውም ይላል። ንጉሥ እንደ ማንኛውም ባለ ርስት ዙፋኑን ለወደደው መናዘዝ ይችላል ይላል። ዘውድ እስኪጫን ድረስ አገሩ ንጉሥ የለውም ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ደም አለማፋሰሱ ነው ብሎ ይደመድማል።

በየተራ እመልሳለሁ። እ.ኤ.አ. ያልኩት በአውሮፓውያን፣ ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከጅማው ልጀምር። የቤታችን ጉዳይ ነው፤ ስሕተቱም የከፋው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ በደረሰኝ ሳምንት እሑድ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። የእህቴ ልጅም መጥታለች። ጥያቄዋን ደገመችልኝ። በአፍ ባስረዳት ስሞቹ ይምታቱባታል ብዬ ረከቦቱን ወደ እኔ ሳብኩት። ስኒዎቹ ገና አልተቀዳባቸውም። አንዱን አንስቼ ከላይ አስቀመጥኩ። «ይሄ አባ መጋል ናቸው» አልኳት። ከሥሩ ሁለት ስኒ ጎን ለጎን ደረደርኩ። አንዱ ቀዳማዊ አባ ጅፋር፣ አንዱ አባ ቦካ። ወንድማማቾች ናቸው።

ቀዳማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1830 ገደማ ጀምረው የጅማን መንግሥት ያቆሙ ናቸው። ከእሳቸው ሥር አንድ ስኒ አደረግሁ፤ ልጃቸው አባ ሬቡ። በ1855 ገደማ አባታቸውን ተኩ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው እውነት አላቸው። አባ ሬቡ ግን ብዙ አልቆዩም። በ1859 ገደማ ከጎረቤት የጊቤ መንግሥታት ጋር በተደረገ ውጊያ ወደቁ። ልጆች ነበሯቸው፤ ግን ለዙፋን አልደረሱም።

እዚህ ላይ ዙፋኑ ወደ ታች አልወረደም። ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ጎን ሄደ። የሟቹ አጎት፣ የቀዳማዊ አባ ጅፋር ወንድም አባ ቦካ ነገሡ። እሳቸውም ሦስት ዓመት ያህል ገዝተው አለፉ። ከአባ ቦካ ሥር አንድ ስኒ ጨመርኩ፤ ልጃቸው አባ ጎሞል፣ እ.ኤ.አ. ከ1862 እስከ 1878። ከአባ ጎሞል ሥር ደግሞ የመጨረሻዋን ስኒ አስቀመጥኩ፤ ልጃቸው ዳግማዊ አባ ጅፋር። ገና አፍላ ወጣት ሳሉ ነው የነገሡት።

ልጅቷ ስኒዎቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ሁለተኛው አባ ጅፋር የመጀመሪያው የልጅ ልጅ አይደሉማ?»

አይደሉም። ቀዳማዊ አባ ጅፋር ለዳግማዊ አባ ጅፋር የአያታቸው ወንድም ናቸው። ዙፋኑ በ1859 ገደማ ከታላቁ አባ ጅፋር ቤት ወጥቶ ወደ ወንድማቸው ቤት ገባ። እዚያው ቀረ። እናቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ነበር። ጅሬን ሠርግ በተጠራች ቁጥር ቤተ መንግሥቱን በቅርብ ታያለች፤ የዕድሜ ልኳን አያትና የልጅ ልጅ ይመስሏት ነበር። ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። አባ ጅፋር ማለት «የጅፋር አባት» ማለት ነው፤ ጅፋር የፈረሱ ስም ነው። የፈረስ ስም መመሳሰል ደግሞ የትውልድ ሐረግ አይደለም።

ሁለት ስኒ ጨመርን። አባ ዱላ የዳግማዊ አባ ጅፋር ልጅ ናቸው። አባ ጆቢር ደግሞ የአባ ዱላ ልጅ። ሽማግሌው ንጉሥ በዕድሜ ሲደክሙ ሥልጣኑ የገባው በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር እጅ ነው። እሱም አልረጋም። እ.ኤ.አ. በ1932 ማዕከላዊው መንግሥት አባ ጆቢርን አስሮ ጅማን በቀጥታ ማስተዳደር ጀመረ።

እንግዲህ እንቁጠር። ከቀዳማዊ አባ ጅፋር እስከ አባ ጆቢር አምስት ጊዜ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ከአምስቱ ሦስቱ ከአባት ወደ ልጅ ነው። አንዱ ከወንድም ልጅ ወደ አጎት ነው። አንዱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ነው። «ቀጥ ብሎ ወረደ» የሚባል ነገር የለም። ጸሐፊው ይሄን ቢያርሙት ለጅማ ክብር መቀነስ አይሆንም። እንዲያውም የጅማ ሰዎች ያኔ በደንብ አስበው እንደወሰኑ የሚያሳየው ይሄ ነው። ዙሪያውን ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ አሉ። ንጉሡ ራሱ ጦር የሚመራበት ዘመን ነው። ሕፃን አንግሦ ጎረቤትን መጋበዝ አልፈለጉም።

ወራሹ ሕፃን ሲሆን ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ለእኔ የዙፋን ውርስ ሁሉ ዋና ፈተና ነው። ጸሐፊው ጨርሶ አልነኩትም። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛው መንገድ ጅማ የሄደችበት ነው። ሕፃኑን አልፎ ለአቅመ አዳም ለደረሰ የቅርብ ዘመድ መስጠት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አገሩ ወዲያው ራስ ያገኛል። ዋጋም አለው። አጎት ከነገሠ በኋላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ መልሶ መስጠቱ አጠራጣሪ ነው። የራሱ ልጆች አሉታ። በጅማም የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሕፃኑን አንግሦ ሞግዚት ማቆም ነው። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1730 አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ነገሠ። አገሩን ግን እናቱ እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ደፍተው መሩት። ልጁ ሞቶ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲነግሥም እሳቸው ነበሩ። ይሄኛው መንገድ የልጁን መብት ይጠብቃል። ሞግዚቱ ማን ይሁን የሚለው ግን በተራው ጠብ ያመጣል።

ሦስተኛው የሚገርመው ነው። መጠበቅ። የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ 12ኛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1885 ሞቱ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ሚስታቸው ደግሞ ነፍሰ ጡር ናቸው። በስፔን ሕግ ወንድ ከእህቶቹ ይቀድማል። ስለዚህ አገር በሙሉ የአንዲት እናት ሆድ ላይ ዓይኑን ጥሎ ተቀመጠ። ሴት ብትወለድ ታላቂቱ እህት ትነግሣለች። ግንቦት 17 ቀን 1886 ወንድ ተወለደ። አልፎንሶ 13ኛ ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ ንጉሥ ነው። እናቱ እስከ 1902 በእንደራሴነት መሩ።

ሦስቱም አገሮች ዙፋንን በዘር ያወርሳሉ። ሦስቱም የተለያየ መልስ ሰጡ። እኔ ለጸሐፊው መንገር የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ዘር ዕጩዎችን ብቻ ነው የሚያቀርበው። ከዕጩዎቹ አንዱን የሚያወጣው ደንብና ደንቡን የሚያስፈጽሙ ሰዎች ናቸው። ሸንጎ፣ ጳጳስ፣ ጦር፣ እናት፣ ፓርላማ፤ እንደየአገሩ። ዘሩ ላይ ብቻ ካፈጠጥን ግማሹ ታሪክ ያመልጠናል።

አሁን ወደ «በኩር ወንድ ልጅ» እንምጣ።

ሩቅ ሳንሄድ ሳዑዲ አረቢያን እንይ። ከጅማ ስንት እህቶቻችን እዚያ ሄደው ሠርተዋል። አገሪቱን ያቆሙት ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በ1953 ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ሳዑድ፣ ፈይሰል፣ ኻሊድ፣ ፋህድ፣ አብደላና ሰልማን ናቸው። ስድስቱም የአብዱልአዚዝ ልጆች ናቸው። ከሰባ ዓመት በላይ ዙፋኑ ከወንድም ወደ ወንድም ነው የሄደው። ወደ ልጅ ልጅ ትውልድ የሚሻገርበት በር የተከፈተው በቅርቡ ነው፤ ንጉሥ ሰልማን በ2015 የወንድማቸውን ልጅ መሐመድ ቢን ናይፍን፣ በ2017 ደግሞ የራሳቸውን ልጅ መሐመድን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ።

ከጅማ በስተ ደቡብ ደግሞ ካፋ አለ። በካፋ መንግሥት የንጉሥ ልጅ መሆን ብቻውን አያነግሥም ነበር። ከልጆቹ ማን ይንገሥ በሚለው ላይ ሚክሬቾ የሚባለው የአማካሪዎች ሸንጎ ቃል ነበረው። ማሌዥያ ሌላ ነው፤ ዘጠኝ የየግዛቱ ነገሥታት የአገሩን ዙፋን በየአምስት ዓመቱ በተራ ይይዙታል። በኩርነት እዚያ ምንም አይሠራም።

ደንብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት የሚመቸኝ የ1837ቱ ነገር ነው። ያኔ የእንግሊዝና የጀርመኗ የሃኖቨር ንጉሥ አንድ ሰው ነበሩ፤ ዊሊያም 4ኛ። ወራሽ ልጅ ሳይተዉ ሞቱ። የእንግሊዝ ደንብ ወንድም የሌላት ሴት ልጅ የአባቷን ተራ ትወርሳለች ይላል። ዙፋኑ ለወንድማቸው ልጅ ለቪክቶሪያ ሆነ። የሃኖቨር ደንብ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ወንድ እስካለ ድረስ ሴት አትነግሥም ይላል። ያኛው ዙፋን ለሌላው ወንድማቸው ለኧርነስት አውግስጦስ ሆነ። የሞተው አንድ ሰው፣ ቤተሰቡም ያው አንድ ቤተሰብ፤ ደንቡ ግን ሁለት ስለሆነ በአንድ ቀን ሁለት ወራሽ ተገኘ። ከመቶ ዓመት በላይ አብረው የኖሩት ሁለቱ ዙፋኖች በዚያው ተለያዩ።

ይሄ ወደ ሴቶቹ ያደርሰኛል። ጽሑፉን ሳነብ በጣም የከነከነኝ እዚህ ላይ ነው።

ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም? የዳግማዊ አባ ጅፋርን ታሪክ ያለ እናታቸው ያለ ጉሚቲ ማን ይነግራል? ምኒልክን ከመውጋት መገበር ይሻላል ብለው የመከሩት እሳቸው ናቸው። ወጣቱ ንጉሥ ምክሩን ሰማ። ጎረቤቶቹ በጦር ሲያዙ ጅማ ግብር እየከፈለች የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። ዛሬ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤተ መንግሥት ቆሞ ከታየ፣ የዚያች እናት ምክር አለበት።

እሺ፣ ምክር ሌላ፣ ውርስ ሌላ ነው ይባል። ውርሱንም እንየው። ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ የሆኑት በማን በኩል ነው? በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ። አባታቸው ራስ ሚካኤል የወሎ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ዘውዲቱ ራሳቸው ሴት ናቸው፤ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴስ? ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኜወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከሣህለ ሥላሴ ከተወለዱት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር አይወጣም ሲል ያ ትውልድ የሚያልፈው በአንዲት ሴት ነው። ሐረጉ ላይ ተናኜወርቅን አውጥተን ብናየው ይበጠሳል።

እርግጥ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዙፋኑን ለወንድ ብቻ አደረገው። በሴት በኩል የመጣ መብት ለሴት በሩን ዘጋ። ይሄ ያሳዝነኛል። ጸሐፊው «ሴት አትወርስም» የሚለውን ከጥንት የመጣ ወግ አድርገው ነው የጻፉት። እንዲህ ጥርት ብሎ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን በአባቶቻችን ዕድሜ ነው።

ሌላው ዓለም ደግሞ ወደ ተቃራኒው ሄዷል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1980 መጀመሪያ ወንድም ሴትም ሳይባል ታላቁ ይውረስ አለች። ልዑል ካርል ፊሊፕ የተወለደው በግንቦት 1979 ነው። ሰባት ወር ተኩል ያህል አልጋ ወራሽ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሕጉ ሲለወጥ ታላቅ እህቱ ቪክቶሪያ ቀደመችው። ኔዘርላንድስ በ1983፣ ኖርዌይ በ1990፣ ቤልጂየም በ1991፣ ዴንማርክ በ2009 ተከተሉ። እንግሊዝ በ2013 ሕግ አወጣች። ዛሬ ልዕልት ሻርሎት ከታናሽ ወንድሟ ከሉዊ ትቀድማለች። ጃፓን ግን እስከ ዛሬ ወንድ ብቻ ናት። የንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ አንድ ልጅ ሴት ስለሆነች ተረኛው ወንድማቸው ነው።

የኑዛዜው ነጥብ።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት የሚወረሰው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቤት ነው። የቡና መሬት ነው። ቤት ይሸጥና ይካፈላል። የቡናው ማሳ በገመድ ተለክቶ ለልጆች ይደርሳል። ጠብም ቢነሳ ሽማግሌ ገብቶ «አንተ ይሄን፣ አንቺ ያን» ይላል። ዙፋን ግን አይካፈልም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጥበት። ሌላው ሁሉ ባዶ እጁን ይሄዳል። ስለዚህ የሟች ቃል ብቻውን አይበቃውም፤ የቀሩት ሰዎች እሺ ማለት አለባቸው።

አፄ ምኒልክ በአገሩ ላይ ከእሳቸው በላይ ሰው አልነበረም። ልጃቸው ዘውዲቱ በሕይወት እያሉ የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን መረጡ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. በአዋጅ አሳወቁ። መኳንንቱ ማሉ። ቃሉን የሚያፈርስ ተወገዘ። ከዚህ የጠነከረ ኑዛዜ ከየት ይመጣል? ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሦስት ዓመት አልሞላም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሩ። አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቷቸው። ለሟቹ የተገባው ቃል በሕያዋኑ ተፈታ።

የኃይለ ሥላሴ ዘመንም ያንኑ ያሳያል። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በሕግ የታወቁ ወራሽ ነበሩ። በዚያ ዓመት መስከረም ደርግ ንጉሡን አውርዶ ለሕክምና አውሮፓ የነበሩትን አስፋ ወሰንን ንጉሥ እንዲሆኑ ጠራቸው። አልመጡም። በመጋቢት ዘውዱ ራሱ በአዋጅ ቀረ።

ንጉሥ ወራሹን የሚመርጥበት አገር የለም አልልም። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሑሴን እ.ኤ.አ. በጥር 1999፣ ሊሞቱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልጋ ወራሽ የነበሩትን ወንድማቸውን ሐሰንን አንስተው ልጃቸውን አብደላን ተኩ። ሆነላቸውም። ግን ይሄም ቢሆን ከአገሩ ሕገ መንግሥት የመጣ ሥልጣን ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ንጉሡ ሌላውን መናዘዝ ይቅርና ራሱ መውረድ እንኳ በቃሉ ብቻ አይችልም። ኤድዋርድ 8ኛ በታኅሣሥ 1936 ዙፋኑን ለመልቀቅ ሲፈልጉ ፓርላማው ሕግ ማውጣት ነበረበት። ሕጉ ከእሳቸው ሊወለዱ የሚችሉትንም ልጆች ከውርስ አወጣ።

ስለ ዘውድ መጫን ጸሐፊው የተናገሩት ግማሹ ልክ ነው። እንደ አገሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ንግሥት ኤልሳቤጥ መስከረም 8 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ሲያርፉ ቻርልስ በዚያችው ቅጽበት ንጉሥ ሆኑ። ዘውድ የጫኑት ግን ስምንት ወር ቆይተው በግንቦት 2023 ነው። ኤድዋርድ 8ኛ ጨርሶ ዘውድ ሳይጭኑ ነው ነግሠው የወረዱት። ስዊድንማ ከ1873 ወዲህ ዘውድ የጫነ ንጉሥ የላትም።

እኛ ጋ ግን ቅባቱ ትልቅ ነገር ነበር። ካሣ ኃይሉ ተቀናቃኞቻቸውን ድል አድርገው ከጨረሱም በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ አቡነ ሰላማ ሲቀቧቸው ነው። ልጅ ኢያሱ ደግሞ ከአያታቸው ሞት በኋላ አገሩን ገዝተዋል፤ ግን አልተቀቡም። ስማቸውን ስንጠራ እስከ ዛሬ «አፄ» አንልም፤ «ልጅ» ነው የምንለው። ያልተቀባ ሰው ሥልጣን ሊኖረው ይችላል፤ መሐላውን መፍታት ግን ይቀላል። ጸሐፊው ይሄን ብቻ ስለ ኢትዮጵያ ቢጽፉት ኖሮ ክርክር አልነበረኝም።

የመጨረሻውን ነጥብ ግን እንዲሁ ማለፍ አልችልም። ደም አያፋስስም የሚለውን።

አምባሰል ውስጥ ግሸን አለ። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያኑ ለማርያም የሚወጣበት ቅዱስ ቦታ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን የነገሥታቱ ወንድሞችና የወንድም ልጆች የሚታሰሩበት አምባ ነበር። ዙሪያው ገደል ነው። ልጆች እዚያው ይወለዳሉ፣ ያድጋሉ፣ ያረጃሉ። ጥፋታቸው ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ነው። ንጉሥ ሲሞት ሰዎች ይወጡና አንዱን ያወርዳሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ለዙፋን የወረዱት ከዚያ አምባ ነው። አንዱ ወርዶ ሲነግሥ የቀሩት እዚያው ይቀራሉ። ያ አምባ በግራኝ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ተተካ። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚያ ተነስቶ ነው ይባላል።

ከወህኒ ከወረዱት አንዱ ዳግማዊ ዮሐንስ ናቸው። አካሉ የጎደለ አይነግሥም ይባል ስለነበር እንዳይነግሡ እጃቸው ተቆርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገድለው እኒህን እጀ ቆራጣ ሽማግሌ አነገሡ። በዚያው ዓመት እሳቸውም ሞቱ፤ በመርዝ ነው ይባላል። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የሰማንያ ዓመት መከራ የሚቆጠረው ከዚህ ነው። ሁሉም ነገር የሆነው በአንድ ነጋሢ ዘር ውስጥ ነው። ዘር አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ሁሉም የሚያከብረው ደንብ ነው።

ኦቶማኖቹ ጋ ደግሞ ሱልጣን መሐመድ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1595 ሲነግሡ አሥራ ዘጠኝ ወንድሞቻቸውን አስገደሉ። ሕፃናት ነበሩባቸው። የሩቁን ትተን የቅርቡን ብናነሳ፣ ኢያሱ ከተሻሩ በወሩ፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም.፣ ሰገሌ ላይ የኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ተገናኙ። ክርክሩ የዙፋን ውርስ ብቻ ነበር። ዘመቻ ሄዶ ያልተመለሰው ገበሬ ግን ከዙፋኑ ምንም የሚደርሰው አልነበረም።

እውነት ለመናገር ጸሐፊው ያሰቡት ይገባኛል። ተረኛው አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን ሽኩቻ ይቀንሳል ማለታቸው ነው። ትክክል ነው። ቻርልስ ሲነግሡ አንድ ሰው አልተቧቀሰም። ይሄን ያመጣው ግን የተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ንጉሡ ራሱ ሊጥሰው የማይችል ደንብ ነው። እንግሊዝም እዚያ የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1701 የወጣውን የውርስ ሕግ ይዛ ነው፤ ከዚያ በፊት በዙፋን የተነሳ ብዙ ደም አፍስሳለች።

ለጸሐፊው ያለኝ ልመና ትንሽ ነው። ሌላው ቢቀር የጅማውን አንቀጽ ያርሙት። አባ ሬቡንና አባ ቦካን ያስገቧቸው። የእህቴ ልጅ ያን ዕለት ቡናው እስኪቀዳ አልጠበቀችም። ደብተሯን አውጥታ ስኒዎቹን እንዳሉ ሣለቻቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ስም ጻፈች፤ ከአባ ሬቡ ወደ አባ ቦካ የምትሄደዋን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አደረገቻት። ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከፈለጉት እልክላቸዋለሁ።